በሰው ቤት የተተከለች ቤተ ክርስቲያን

በአማርኛ ቤተ ክርስቲያን ትሠራለች ብቻ አይባልም፤ ትተከላለች ይባላል። ባላገሩ «ይህችን ደብር የተከሏት አባ እገሌ ናቸው» ሲል ግንቡን ወይም ክዳኑን ማለቱ አይደለም፤ በዚያ ስፍራ ጸሎት ሥር መስደዱን ማለቱ ነው። ነገር ግን በዚሁ ቋንቋ የሚተከሉት ነገሮች ሁሉ አንድ ዓይነት አይደሉም። ዛፍ ይተከላል፤ ድንኳንም ይተከላል። ዛፉ የሚተከለው እንዲቆይ ነው፤ ድንኳኑ የሚተከለው ግን እስኪነቀል ድረስ ነው። ዛሬ በቤይሩትና በዳርቻዋ ኢትዮጵያውያን የመሠረቷቸውን የጸሎት ማኅበሮች ለሚመለከት ሰው አስቀድሞ የሚነሣው ጥያቄ ይኸው ነው፤ ዛፍ ናቸውን ወይስ ድንኳን?

እሑድ በደረሰ ጊዜ በከተማይቱ ምሥራቃዊ ዳርቻ፣ በቡርጅ ሐሙድና በዶራ፣ የመንገዱ መልክ ይለወጣል። የዕረፍት ቀን የተፈቀደላቸው የቤት ሠራተኞች ከየሰፈሩ ይወጣሉ። ወደ አገር ቤት ገንዘብ የሚልኩ አሉ፤ በርበሬና ሽሮ የሚገዙ አሉ፤ ነጠላቸውን በቦርሳ ይዘው ወጥተው ከቤተ ክርስቲያኑ ደጃፍ ሲደርሱ የሚያጣፉም አሉ። ከእነዚህ አንዳንዶቹ ወደ ኦርቶዶክሳዊው ቅዳሴ፣ ሌሎቹ ወደ ወንጌላውያን ጉባኤ ይሄዳሉ። አዳራሹ ብዙ ጊዜ የኪራይ ወይም የትውስት ነው፤ ሰዓቱም የተወሰነ ነው። ማታ ሳይመሽ ወደ አሠሪዎቻቸው ቤት ይመለሳሉ። ከሁሉም የሚበልጡት ግን ከዚያ ያልደረሱት ናቸው ቢባል ሐሰት አይሆንም፤ በሩ ከውጭ የተቆለፈባት ሴት የእሑድን መድረስ የምታውቀው ከበረንዳ ሆና ደወል ስትሰማ ነው።

እንዲህ ባለ ስፍራ ቤተ ክርስቲያን ሊተክል የተነሣ ሰው፣ ካህንም ይሁን ሰባኪ፣ ከሌላው ዓለም ሐዋርያ የተለየ ችግር ይገጥመዋል። ወንጌል ደቀ መዝሙርን ተከተለኝ ይለዋል። መከተል ደግሞ እግርንና ጊዜን ይጠይቃል። እግሯ በሰው ቤት የታሰረ፣ ጊዜዋም ከንጋት እስከ እኩለ ሌሊት የሌላ ሰው የሆነ ሴት እንዴት አድርጋ ትከተል? ይህ የመጽሐፍ ጥያቄ ብቻ አይደለም፤ በየሳምንቱ በስልክ የሚመጣ ጥያቄ ነው።

የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ይህን ጥያቄ ከማንም ይልቅ ልታውቀው ይገባታል፤ የራሷ ተካይ ከዚያው ባሕር ዳር የመጣ የሰው ቤት አገልጋይ ነበርና። ጢሮስ ከቤይሩት በስተ ደቡብ ሰማንያ ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኝ ከተማ ናት። በአራተኛው መቶ ዓመት ሜሮጵዮስ የሚባል የጢሮስ ፈላስፋ ሁለት ወጣት ዘመዶቹን ይዞ በዚያን ጊዜ ህንድ ይባል ወደ ነበረው አገር ተጓዘ። በመመለሻቸው መርከቢቱ ውሃና ስንቅ ፍለጋ ወደ አንድ ወደብ በተጠጋች ጊዜ የአገሩ ሰዎች አደጋ ጣሉባት፤ መምህሩና አብረውት የነበሩት ሁሉ ተገደሉ። ሁለቱ ልጆች ግን ከዛፍ ሥር ተቀምጠው ትምህርታቸውን ሲያጠኑ ተገኙና ታዘነላቸው፤ ወደ ንጉሡም ተወሰዱ። ኤዴስዮስ መጠጥ አሳላፊ ሆነ፤ ፍሬምናጦስም የንጉሡ ገንዘብና ጽሕፈት ጠባቂ። ይህ ፍሬምናጦስ ኋላ አባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃን ተብሎ የተጠራው ነው።

እንግዲህ ከዚህ ታሪክ አንድ የሚያጽናና ስብከት ማውጣት እጅግ ቀላል ነው። ከሊባኖስ ባሕር ዳር የተማረከ ልጅ በአክሱም አገልጋይ ሆኖ ቤተ ክርስቲያን ተከለ፤ ዛሬም የኢትዮጵያ ልጆች በሊባኖስ አገልጋዮች ሆነው ይተክላሉ፤ ስለዚህ እኅቶች ሆይ፣ ታገሡ፣ እግዚአብሔር በአገልጋይነታችሁ ይሠራል ማለት ነው። ስብከቱ ያማረ ነው፤ ሰሚውንም ያስለቅሳል። ጉድለቱ ታሪኩን በትክክል አለማንበቡ ነው።

ታሪኩን የጻፈው ሩፊኖስ የነገሩን ቅደም ተከተል በግልጽ አስቀምጦታል። ንጉሡ በሚሞትበት ጊዜ ለሁለቱ ወጣቶች ወደ ፈቀዱት እንዲሄዱ ነጻነት ሰጣቸው። ሊሄዱም በተነሡ ጊዜ ንግሥቲቱ ልጅዋ ገና ሕፃን ነበርና እስኪያድግ ድረስ በመንግሥቱ ሥራ እንዲረዷት ለመነቻቸው። ለመነቻቸው እንጂ አላዘዘቻቸውም። እነርሱም ፈቅደው ተቀመጡ። ፍሬምናጦስ ለንግድ ከመጡት ሮማውያን መካከል ክርስቲያኖቹን እየፈለገ የጸሎት ስፍራ እንዲያበጁ ያበረታታቸው፣ ቦታና የሚያስፈልጋቸውን ሁሉ የሰጣቸው፣ ከዚህ በኋላ ነው። ምርኮኛ ሳለ መጽሐፍ ጠበቀ፣ ሒሳብ ያዘ፣ ታማኝ ሆነ፤ ቤተ ክርስቲያንን የተከለው ግን አርነት ከወጣ በኋላ፣ መሄድ ሲችል ለመቅረት በመረጠ ጊዜ ነው። በአክሱም ዛፉን ያበቀለው ምርኮው ሳይሆን ፈቃዱ ነው።

ይህ ልዩነት ተራ የቃል ክርክር አይደለም። እግዚአብሔር በእስር ቤት ውስጥ ይሠራል ማለትና እስር ቤት የእግዚአብሔር ሥራ ነው ማለት ሁለት ናቸው። የመጀመሪያው እምነት ነው፤ ሁለተኛው በሩን ለሚቆልፈው ሰው ቁልፍ ማቀበል ነው። በመጽሐፈ ነገሥት የተማረከችው ትንሽ ብላቴና በሶርያዊው ንዕማን ቤት እመቤቷን ስታገለግል የጌታዋን መዳኛ ተናገረች፤ ጌታዋም ዳነ። መጽሐፉ ስሟን አልጻፈም፤ ነጻ መውጣቷንም አይናገርም። ነገር ግን መማረኳ መልካም ነበር የሚል ቃል በመጽሐፉ ውስጥ የለም። ሰባኪዎች ግን አንዳንድ ጊዜ ከመጽሐፉ ይበልጥ ይናገራሉ።

በሊባኖስ የነገሩ ሥር በሕግ ውስጥ አለ። በ1946 የወጣው የአገሩ የሥራ ሕግ (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) በሰባተኛው አንቀጹ የቤት አገልጋዮችን ከሕጉ ጥበቃ ውጭ አደረጋቸው። ከውጭ አገር የመጣች ሠራተኛ የመኖሪያ ፈቃድ ከፋላ በሚባለው ሥርዐት ከአንድ አሠሪ ስም ጋር የተሳሰረ ነው፤ ያለ እርሱ ፈቃድ ቤቱን ለቃ ብትወጣ ፈቃዷን ታጣለች፣ ልትታሰርም ትችላለች። በ2009 የወጣው የውል ጽሑፍ በሳምንት አንድ ቀን ዕረፍት ይሰጣል፤ በወረቀት የተሰጠው ግን በብዙ ቤት አልተፈጸመም። በመስከረም 2020 ሠራተኛዋ ውሏን አቋርጣ እንድትወጣ የሚያስችል አዲስ ውል ወጥቶ ነበር፤ በሚቀጥለው ወር የአገሩ የአስተዳደር ከፍተኛ ፍርድ ቤት አገደው። ሂውማን ራይትስ ዎች የተባለው የሰብአዊ መብት ድርጅት ከጥር 2007 እስከ ነሐሴ 2008 ድረስ በሊባኖስ ከሞቱት የውጭ አገር የቤት ሠራተኞች ቢያንስ 95 መዝግቧል፤ ከእነርሱም አርባው ራሳቸውን ገደሉ የተባሉ፣ ሃያ አራቱ ደግሞ ከፎቅ የወደቁ፣ ብዙዎቹም ሊያመልጡ ሲሞክሩ የወደቁ ናቸው። ስለ ትዕግሥት የሚሰብክ ሰው እነዚህን ቁጥሮች አውቆ ሊሰብክ ይገባዋል።

እንግዲህ አንዲት እኅት ስልክ ደውላ እንዲህ ብላ ትጠይቃለች እንበል፦ «ደመወዜን ካገኘሁ ሰባት ወር አልፎኛል፤ ፓስፖርቴ ከማዳም ዘንድ ነው፤ ቤቱን ጥዬ ብወጣ ኃጢአት ይሆንብኛል?» የነፍስ አባት ወይም የጉባኤው መሪ ምን ብሎ ይመልሳል? ብዙዎች ወዲያው የሚያነሡት ሐዋርያው ጳውሎስ ለኤፌሶንና ለቈላስይስ ሰዎች በጻፈው መልእክት አገልጋዮች ለጌቶቻቸው እንዲታዘዙ ያዘዘውን ነው። ትእዛዙ በእርግጥ አለ። ነገር ግን በሁለቱም መልእክቶች ውስጥ ቃሉ በዚያ አይቆምም፤ ወዲያው ወደ ጌቶች ዘወር ይላል፤ ጌታ በሰማይ እንዳላቸው ያስታውሳቸዋል፤ ጽድቅን እንዲያደርጉ ያዛቸዋል። መልእክቱ የተነበበው አገልጋዩም ጌታውም በአንድ ላይ በተቀመጡበት ቤት ነበር። በቤይሩት አዳራሽ ግን የሚቀመጡት አገልጋዮቹ ብቻ ናቸው። ማዳም በዚያ የለችም፤ ቃሉንም አልሰማችም። ለሁለት ሰው የተጻፈውን ደብዳቤ ከፍሎ ለአንዱ ብቻ የሚያነብ ሰው ደብዳቤውን አነበበ ማለት አይቻልም።

ከዚህም በቀር ይኸው ሐዋርያ አርነት ለመውጣት የሚቻለው ሰው እንዲጠቀምበት ለቆሮንቶስ ሰዎች መክሯል። የኦሪት ሕግም ከጌታው ሸሽቶ የመጣን ባሪያ አሳልፎ መስጠትን ከልክሏል፤ በመረጠው ስፍራ እንዲቀመጥም አዟል። ሐዋርያው ያዕቆብ የተቀማ የሠራተኛ ደመወዝ ራሱ እንደሚጮኽ ጽፏል። በእርግጥ ጳውሎስ አናሲሞስን ወደ ፊልሞና መልሶ ልኮታል የሚል ይኖራል። መልሶታል፤ ግን ባዶ እጁን አላከውም፤ ዕዳውን እኔ እከፍላለሁ ብሎ በገዛ እጁ ጽፎ፣ ከባሪያ ይልቅ ወንድም አድርጎ እንዲቀበለው ለምኖ ነው። እኅቲቱን ተመለሺ የሚል መሪ እንደ ጳውሎስ የአሠሪዋን ደጅ አንኳኩቶ ስለ ሰባቱ ወር ደመወዝ ለመነጋገር ቢዘጋጅ ምክሩ የጳውሎስ ምክር ይሆናል። ይህን የማያደርግ ከሆነ ዝም ቢል ይሻለዋል።

ደግሞም ይህች ሴት ባሪያ አይደለችም። ውል የገባች ሠራተኛ ናት። ውል ሁለቱን ወገን ያስራል፤ ደመወዝ የከለከለው ወገን ውሉን አስቀድሞ ያፈረሰው ነው። ስለዚህ መልሱ ሊሆን የሚገባው ግልጽ ይመስላል፦ መውጣትሽ ኃጢአት አይደለም። ከዚህ በኋላ ግን ሌላው የመሪው ግዴታ ይጀምራል፤ ብትወጣ ወዴት ትደርሳለች? በማን ቤት ታድራለች? ኃጢአት አይደለም ብሎ ስልኩን መዝጋትም ሌላ ዓይነት ጭካኔ ነውና። ቤተ ክርስቲያን መትከል ማለት በዚያች ሌሊት የሚነጠፍ ፍራሽ ማዘጋጀት ሊሆን ይችላል፤ በዚህ አገር ያለው የሐዋርያነት ሥራ ግማሹ ፍራሽና የአውሮፕላን ቲኬት ነው።

ቤቱን ለቃ የማትወጣውስ? በትክክል የተያዘች፣ ደመወዟንም የምታገኝ፣ ግን ቀኗ የራሷ ያልሆነ ብዙ ሴት አለች። የደቀ መዝሙርነት ትምህርት ለእርሷ በአዳራሽ ሊሰጥ አይችልም፤ በልብስ መተኰሻው ሰሌዳ ላይ፣ በዕቃ ማጠቢያው ፊት፣ ሁሉም ከተኙ በኋላ ድምፁ ዝቅ ተደርጎ በሚሰማ ስልክ ይሆናል። በዚህ ዓይነት ኑሮ ትናንሽ የሚመስሉ ነገሮች ትልቅ ጥያቄ ይሆናሉ። ለምሳሌ ጾም አለ። በዐቢይ ጾም አሠሪዋ ሥጋ የሰጠቻት፣ ሌላም የሚበላ ያላገኘች ልጅ ጾሟን ሻረች ይባላልን? አስተዋይ የነፍስ አባት ከምግቡ ይልቅ ምርጫ የነበራት መሆን አለመሆኑን ይጠይቃል፤ ከተቻላት ዳቦና ወይራ፣ ሽምብራም ከሊባኖስ ማእድ አይጠፋምና ያንን ትለምን ይላታል፤ ካልተቻላት ደግሞ እንባዋን እንደ ጾም ይቈጥርላታል።

ሌላው ከባድ ጥያቄ «ደኅና ነኝ» የሚለው ቃል ነው። እናት ከጎጃም ወይም ከወሎ ስልክ ትደውላለች፤ ልጅ ደኅና ነኝ ትላለች፤ ደኅና ግን አይደለችም። ውሸት ነውን? እናትን ከጭንቀት ማዳን በጎ አሳብ ነው፤ በአገሩም ጨዋነት እንዲህ መመለስ የተለመደ ነው። ነገር ግን ይህ አንዱ ቃል በመንደሩ ሲዞር ሌላ ሥራ ይሠራል። የጎረቤት ልጅ ትሰማዋለች፤ ደላላውም ይጠቅሰዋል፤ በሚቀጥለው ዓመት ሌላ ልጅ ወደ ዐረብ አገር ትነሣለች። እናትን ለማሳረፍ የተነገረው የጎረቤትን ልጅ ጠራ። ስለዚህ በቤይሩት የሚያስተምር ሰው ስለ እውነት ሲያስተምር ከአሥርቱ ትእዛዛት ይልቅ ከዚህ የስልክ ቃል ቢጀምር ይሻላል፤ ለእናት በርኅራኄ፣ ለመንደሩ ደግሞ በእውነት መናገር እንዴት እንደሚቻል አብሮ ማሰብ ብዙ እሑድ የሚፈጅ ትምህርት ነው።

ወደ ዛፍና ድንኳን ጥያቄ መመለስ ያስፈልጋል። ቡርጅ ሐሙድ ራሱ ለዚህ ምስክር ነው። ከእልቂት የተረፉ አርመኖች በ1920ዎቹና በ1930ዎቹ በዚያ ረግረግ ስፍራ ሰፍረው ሠፈሮቻቸውን በጠፉባቸው ከተሞች ስም ማራሽ፣ ሲስ፣ አዳና ብለው ጠሩ። ድንኳናቸው ግንብ ሆነ፤ ከ1930 ጀምሮ የኪልቅያ ካቶሊኮስ መንበራቸው በቤይሩት ሰሜናዊ ዳርቻ በአንቴልያስ ጸና። በጥር 1965 አኃት አብያተ ክርስቲያናት በአዲስ አበባ በተሰበሰቡ ጊዜ ካቶሊኮስ ኮረን ከዚያው ከአንቴልያስ መጥተው ነበር። የኢትዮጵያውያኑ ማኅበርስ እንዲህ ሊጸና ይችላልን? እዚህ ላይ እውነቱን መናገር ያስፈልጋል። አርመኖቹ በ1920ዎቹ የሊባኖስን ዜግነት አገኙ፤ መሬት ገዙ፤ ልጆቻቸውን በራሳቸው ትምህርት ቤት አሳደጉ። የቤት ሠራተኛዋ ግን ፈቃዷ ከአንድ አሠሪ ጋር የተሳሰረ፣ ውሏም የሁለት ወይም የሦስት ዓመት ነው። ትናንት መዝሙር የመራችው ዛሬ አዲስ አበባ ናት። የጉባኤው መሪ ባስተማረ ቍጥር ይሰናበታል። ፍሬውን በተቀመጡት ቍጥር የሚለካ መሪ በቤይሩት ተስፋ ይቈርጣል፤ አንዳንዱም ከዚህ የተነሣ ሰዎቹ እንዳይሄዱ የሚመኝ ሆኖ ይገኛል፤ ይህም ከአሠሪው ምኞት የራቀ አይደለም።

ድንኳን መሆን ግን ውርደት አይደለም፤ ዝናም በመጣ ጊዜ ይታያል። ከ2019 መጨረሻ ጀምሮ የሊባኖስ ገንዘብ ዋጋው ሲወድቅ ደመወዝ መክፈል ያቃታቸው አሠሪዎች በሰኔ 2020 ኢትዮጵያውያት ሠራተኞቻቸውን በሐዝሚዬ ባለው የኢትዮጵያ ቆንስላ ደጃፍ ሻንጣቸውን አስይዘው ጥለዋቸው ሄዱ፤ ሴቶቹም በመንገድ ዳር አደሩ። ነሐሴ 4 ቀን 2020 የወደቡ ፍንዳታ ከሁለት መቶ በላይ ሰዎች ገደለ፤ ብዙ ስደተኞችንም ቤት አልባ አደረገ። በ2024 መጸው የጦር አውሮፕላኖች በደቡባዊው ዳርቻ በዳሂዬ ቦምብ ሲጥሉ አሠሪዎቻቸው ሸሽተው የተዉአቸው ሠራተኞች ብዙ ነበሩ። በእነዚህ ቀኖች በ2017 በኢትዮጵያውያት ሠራተኞች የተመሠረተው «እኛ ለእኛ በስደት» የተባለው ማኅበር ምግብና ማደሪያ ይፈልግ ነበር፤ በአሽራፊዬ ያለው የኢየሱሳውያን የቅዱስ ዮሴፍ ቤተ ክርስቲያንም ደጁን ለስደተኞች ከፍቶ መጠለያ ሆነ። መጥተው የተኙት እነማን እንደሆኑ፣ ኦርቶዶክስ ይሁኑ ወንጌላዊት ወይም እስላም፣ በዚያች ሌሊት የጠየቀ የለም። አንዱን ሃይማኖት ከሌላው ለይቶ ማስተማር የሚገባበት ጊዜ አለ፤ የቦምብ ሌሊት ግን ያ ጊዜ አልነበረም።

በአክሱም የንግሥቲቱ ልጅ ባደገ ጊዜ ሁለቱ የጢሮስ ሰዎች አደራቸውን አስረክበው ለመሄድ ተነሡ። ንግሥቲቱና ልጅዋ እንዲቀሩ አብዝተው ለመኑ፤ እነርሱ ግን ሄዱ። ከዚያ በኋላ መንገዳቸው ተለያየ። ፍሬምናጦስ ወደ እስክንድርያ ወርዶ በዚያ አገር ላሉት ክርስቲያኖች ጳጳስ እንዲላክላቸው ለአትናቴዎስ ነገረው፤ አትናቴዎስም ከአንተ የሚሻል የለም ብሎ እርሱኑ ሾሞ መለሰው። ኤዴስዮስ ግን ወላጆቹንና ዘመዶቹን ለማየት ቸኵሎ ወደ ጢሮስ ገባ፤ በዚያም ቅስና ተቀበለ። ወደ አክሱም አልተመለሰም፤ በዚህም የነቀፈው የለም። ሩፊኖስ ይህን ታሪክ ሁሉ የሰማው ከወሬ አይደለም፤ ወደ አገሩ ከተመለሰው ከኤዴስዮስ አፍ ነው።